የመብራት ያዧ አርባ አንድ ሰከንድ

የዓይን ሐኪም ቤት አግዳሚ ወንበር የማይተዋወቀውን ሰው ያስተዋውቃል። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ እዚያ ከተቀመጠው ሰው ግማሹ ስለማያነበው አንዱ ሌላውን መጠየቁ አይቀርም። ጋሽ መቀስም የተራ ቁጥራቸውን ወረቀት አንዴ ወደ አፍንጫቸው እያስጠጉ፣ አንዴ ክንዳቸው እስከሚደርስበት እያራቁ ሲታገሉ፣ አጠገባቸው የተቀመጠች ወጣት አየቻቸውና «አርባ ሦስት ነው ጋሼ፤ ገና አምስት ሰው ይቀድምዎታል» አለቻቸው።

«እግዜር ይስጥልኝ ልጄ። እኔ ሠላሳ ስምንት መስሎኝ ልነሣ ነበር።»

ጋሽ መቀስ የሚለው ስም የወጣላቸው በሥራቸው ነው። የሰርግ ቪዲዮ በካሴት በነበረበት ዘመን፣ እሳቸው የቆረጡትና የቀጠሉት ቪዲዮ መጋጠሚያው የት እንደሆነ ማንም አያውቅባቸውም ነበር። እናት አባታቸው ባወጡላቸው ስም እንኳ ዛሬ ቢጠሩ ቶሎ አይዞሩም። በሠሩት ቪዲዮ ሁሉ መጨረሻ ላይ ትንሽ የመቀስ ሥዕል ያደርጉ ነበር። ወጣቷ ያወቀቻቸውም በዚያው ነው፤ የቦርሳቸው ኪስ ላይ ያ ሥዕል ተጠልፏል።

«ይቺን መቀስ እኮ አውቃታለሁ» አለች። «ቤታችን የእናቴ የሰርግ ቪዲዮ ሲያልቅ የምትመጣዋ ናት። በዚህ ሥዕል ምክንያት ነው እኔም ይህን ሙያ የያዝኩት፤ ማሠልጠኛ ተቋም ውስጥ ቪዲዮ ኤዲቲንግ አስተምራለሁ።»

«የትኛዋ ሙሽራ ናት እናትሽ?»

«መብራት ጠፍቶ በጄኔሬተር የተዳረችው።»

ሽማግሌው ወረቀቱን አጠፉት። «ቬሏ በር ላይ የተያዘባት» አሉ ቀስ ብለው፣ ከዚያም ተራቸው እስኪደርስ ፊታቸውን ወደ ሐኪሙ በር አዙረው ተቀመጡ። መምህርቷ አስቀየምኳቸው ይሆን ብላ መነጽሯን ከተቀበለች በኋላ እንኳ ሳትሄድ ጠበቀቻቸው።

«ሐኪሙ ምን አሉዎት?» አለች ሲወጡ።

«ከኮምፒውተር ፊት ይነሡ አለኝ። ትንንሽ ነገር ላይ ማፍጠጥ ካልተውኩ የቀረችኝም ብርሃን እንደምትሄድ ነገረኝ። እኔ ደግሞ ልተው አልችልም።»

«አሁንም ሥራ ይቀበላሉ ማለት ነው?»

«የሰው ሥራ ከተውኩ ቆየሁ። የቀረችኝ የራሴ ናት።»

እዚያው ደረጃው ላይ ቆመው ነገሯት። ሚስታቸው ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ መብራት ያዣቸው ነበረች። እሳቸው ካሜራውን፣ እሷ ባለ እጀታውን ትልቁን መብራት ይዘው ከሰርግ ሰርግ ዞረዋል። መብራት የሚይዝ ሰው ደግሞ ከካሜራው ጎን ነው የሚቆመው፤ ብርሃኑ ከእጁ ይወጣል እንጂ እሱ ላይ አያርፍም። እናም ከስድስት ዓመት በፊት ስትሞት ቤቱ ውስጥ ከአራት መቶ በላይ የሰርግ ካሴት ተገኘ፤ የሷ ተንቀሳቃሽ ምስል ግን አንድ ብቻ ነበር። ያም አርባ አንድ ሰከንድ ነው። የመምህርቷ እናት ከራሷ ላይ የወረደው ቬል በበሩ ማጠፊያ ተይዞ ሊቀደድ ሲል፣ መብራት ያዧ መብራቷን ወንበር ላይ አስቀምጣ ልታላቅቅላት የገባች ጊዜ የተቀረጸ ነው። ከሙሽራዋ ቪዲዮ ላይ ጨለማ ነው ተብሎ ተቆርጦ የወጣው በራሳቸው በጋሽ መቀስ እጅ ነው።

«ብርሃኑን የምትይዘው እሷ ነበረች» አሉ። «እሷ ስትገባ ማን ይያዝላት? ጨለመች። በዚያ ላይ ጄኔሬተሩ ይጮሃል። ቬሉን አላቃ ስትጨርስ ወደኔ ዞራ የሆነ ነገር አለችኝ፤ ምን እንዳለችኝ አላውቅም።»

«እናቴን ልጠይቃት?»

«በስልክ ጠይቄያታለሁ። በሰርጌ ቀን የራሴንም ስም አላስታውስም ነበር ብላኛለች።»

መምህርቷ መሳቅ ቢያምራትም ፊታቸውን አይታ ተወችው። «ክሊፑን ባየው ይፈቅዱልኛል?» አለች። ጋሽ መቀስ ያቺን ክሊፕ ለማንም አሳይተው አያውቁም። ሆኖም ልጅቷ የዚያች ሙሽራ ልጅ ናት፤ ከዚያ ቀን ሰዎች አንዷ የመጣች ያህል ሆነችባቸው። ፈቀዱ።

በማግስቱ ከሰዓት ሄደች። የሥራ ክፍላቸው ጠባብ ናት፤ ሦስቱ ግድግዳ እስከ ጣሪያው ካሴት ነው። በየካሴቱ ጀርባ ላይ የተጻፈው ክብ ክብ ያለ ጽሑፍ የሚስትየው ነው። ትልቁ መብራት ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል፤ ገመዱ እሷ በመጨረሻው ቀን እንደጠቀለለችው ነው፤ በስድስት ዓመት ውስጥ ማንም አልፈታውም። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ኮምፒውተር አለ፤ አንዱ ኢንተርኔት የማይገባበት ነው።

ጋሽ መቀስ ክሊፑን ከፈቱት። ጥቁር ነው፤ በጥቁሩ ላይ አሸዋ የተበተነ ይመስላል። ከአሸዋው ኋላ የምትንቀሳቀስ ሴት አለች። የመጀመሪያዎቹ አሥራ ሁለት ሰከንዶች ግን ለየት ይላሉ፤ ሴትየዋ ትታያለች፣ ነገር ግን ምስሉ ሊቃጠል እንደደረሰ አምፖል ቦግ እልም ይላል።

«ይኼ ምንድነው ጋሼ?»

«እኔ ነኝ እንዲህ ያደረግኩት። በሰከንድ ሃያ አምስት ፍሬም፣ ሃያ አምስት ሥዕል አለ፤ አርባ አንዱ ሰከንድ አንድ ሺህ ሃያ አምስት ይሆናል። በየእሑዱ ጠዋት አንድ ፍሬም አወጣና አሸዋውን ነጥብ በነጥብ እለቅማለሁ፣ ፊቷን አበራለሁ። እስከ ዛሬ ሦስት መቶ አራት ደርሻለሁ።»

መምህርቷ በልቧ ደመረችና ቀነሰች። «ሰባት መቶ ሃያ አንድ እሑድ ይቀርዎታል። አሥራ አራት ዓመት ሊሞላ ምንም አይቀረው።»

«እኔ ደግሞ ሰባ አንድ ሆኖኛል። ሂሳቡን አውቀዋለሁ ልጄ።»

«ቦግ እልም የሚለውም እያንዳንዱን ፍሬም ለብቻው ስላበሩት ነው። የዚህ እሑድ እጅዎና የዚያ እሑድ እጅዎ እኩል አይሆንም።»

ይህንንም ያውቁታል። እኛ ግን እንታዘብ፤ ይህ ሰው ያበደ አይደለም። እሑድ ጠዋት አንድ ፍሬም ማጽዳት ማለት ለሁለት ሰዓት ከሚስት ጋር ፊት ለፊት መቀመጥ ማለት ነው። ሰው የሚወደውን ሰው ካጣ በኋላ ለድካሙ ምክንያት ይፈልጋል፤ ድካሙ ሲያልቅ ናፍቆቱን የት እንደሚያደርሰው አያውቅምና።

«ድምፁንስ?» አለች መምህርቷ። «ምስሉን በእጅዎ ይለቅማሉ። ድምፁን በምን ይለቅሙታል?»

ጋሽ መቀስ ወደ ካሴቶቹ ዞረው አንዱን አወጡና መልሰው ሰኩት።

«ጋሼ፣ ካልተቆጡኝ አንድ ነገር ልበል። ለዚህ ሥራ የሚሆን ፕለጊን አለ። ኤዲት የምናደርግበት ሶፍትዌር ላይ የሚገጠም ትርፍ መሣሪያ ነው። ሶፍትዌሩን ያወጣው ድርጅት ሳይሆን ሌሎች ሰዎች ለራሳቸው ሥራ ብለው ሠርተው፣ ማንም እንዲጠቀምበት በነፃ የሚለቁት። አንዱ አሸዋውን ያጠራል፣ አንዱ ጩኸት ያወጣል።»

«በነፃ!» አሉ፤ በዚያ ቀን ድምፃቸው ከፍ ሲል ይህ የመጀመሪያው ነው። «በነፃ የሚሰጥሽ ሰው የሚፈልግብሽ ነገር አለው። አባቶቻችን የሰው ወርቅ አያደምቅ ያሉት ዝም ብለው ነው? እኔ አንድ ጊዜ ሞክሬ እጄን አቃጥያለሁ። ነፃ ነው ብዬ አንዱን አወረድኩ፤ ቫይረስ ሦስት ሰርግ ቆለፈብኝ። ለሦስት ሙሽራ እናቶች ልጃችሁ ስትዳር የሚታይ የለም ብዬ የነገርኩት በዚህ አፌ ነው። ከዚያ ወዲህ ይኼ ኮምፒውተር ኢንተርኔት አይቶ አያውቅም።»

«እባብ ያየ በልጥ በረየ፤ አልፈርድብዎትም። ግን ልጠይቅዎት፣ ያ ያወረዱት ነገር ከመጀመሪያው በነፃ የተለቀቀ ነበር ወይስ የሚሸጥን ነገር ቁልፉን ሰብሮ የለቀቀው ሰው ነበር?»

ጋሽ መቀስ አገጫቸውን አሹ። «የሚሸጥ ነበር። ውዱን በነፃ ይላል። የሚብለጨለጩ ቁልፎች ነበሩት፤ የትኛውን እንደምጫን ግራ ገብቶኝ ሁሉንም ተጫንኩ።»

«እንግዲያው የተሰረቀ ነው እንጂ ነፃ አይደለም። ባለቤቱ ፈቅዶ የሚሰጥዎትና ሌባ ሸጉጦ የሚያስጨብጥዎት አንድ አይደሉም። እኔ ለተማሪዎቼ የምለው ይህን ነው። ከሠራው ሰው ከራሱ ገጽ ካልሆነ አታውርዱ። ከእናንተ በፊት የተጠቀሙበት ሰዎች የጻፉትን አንብቡ። መጀመሪያ በቫይረስ ማጥፊያ ፈትሹ፤ ሥራችሁ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሞክሩ። ሁልጊዜ በኮፒ ላይ ሥሩ፤ ዋናው አይነካ።»

«ሰውዬው ግን ለምን ይሰጣል? ይኼን ንገሪኝ። እኔ የቀለም አስተካከሌን ሰው ክፍሌ ሲገባ ስክሪኑን አዙሬ እደብቃለሁ። ሠላሳ ዓመት የለፋሁበት ነው።»

መምህርቷ ስልኳን አውጥታ የመሣሪያውን ገጽ ፈለገችና እየተረጎመች አነበበችላቸው። «ልጄ ትምህርት ቤት ቲያትር ስትሠራ በጨለማ አዳራሽ ቀረጽኳት። ምንም አልታይ ስትለኝ ይህን ሠራሁ። ለናንተም ልጅ ይጠቅም ይሆናል፤ ውሰዱ። ከተበላሸ ንገሩኝ፣ አስተካክላለሁ ይላል። ከሥሩ ደግሞ ያስተካከሉለት ሰዎች ስም አለ፤ ሃምሳ ይሆናሉ።»

«ሃምሳ?»

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? እርስዎ አንድ ሺህ ሃያ አምስቱን ብቻዎን ተሸክመዋል።»

ጋሽ መቀስ ጥቂት አሰቡና በሌላ በር መጡ። «እሺ፣ ሌባ አይሁን። ግን ማሽን ነው። ያላየውን ይሞላል ሲሉ ሰምቻለሁ። የሌላ ሴት ዓይን፣ የሌላ ሴት ጥርስ ሰፍቶ ሚስትህ ናት ቢለኝስ? በዚህ ዓይኔ በምን አውቃለሁ?»

«ይህ እውነተኛ ፍርሃት ነው» አለች መምህርቷ፤ ለመርታት ብላ አላቃለለችባቸውም። «ገምተው የሚሞሉ አሉ፤ እነሱን አንነካም። ይህኛው ከእያንዳንዱ ፍሬም ፊትና ኋላ ያሉትን ፍሬሞች ያያል። አሸዋው በየፍሬሙ ቦታ ይቀያይራል፤ ፊቷ ግን አይቀያይርም። የሚቀያየረውን ያወጣል፣ የሚጸናውን ያስቀራል። ቴፑ ላይ ያልነበረውን አይጨምርም።»

ሰው ፈርቶ ሳለ ጠንቃቃ ነኝ ማለት ይቀለዋል፤ ጥንቃቄው አንድ በአንድ ሲመለስለት ግን ፍርሃቱ ራቁቱን ይቀራል። ሽማግሌው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ።

«ልንገርሽ» አሉ። «ያን ቀን ጠዋት በሰው ፊት ጮኼባታለሁ። እጅሽ ወረደ፣ መብራቱን ቀና አድርጊው አልኳት። ክንዷ ያማት እንደነበር አውቃለሁ። ቀኑን ሙሉ አላናገረችኝም። ከዚያ ነው ቬሉን አላቃ ወደኔ ዞራ የተናገረችው። ያኔ ጄኔሬተሩ አላሰማኝም፤ ማታ እጠይቃታለሁ ብዬ ረሳሁት። ጊዜ ያለኝ መስሎኝ። ምስሏን ማጽዳት አላቃተኝም፤ ድምፁን ግን በስድስት ዓመት አልነካሁትም። ከአንጀቷ ተቀይማ የተናገረችው ቢሆንስ? ያለኝ ይኼ ብቻ ነው ልጄ። ይህም ቅያሜ ሆኖ ከተገኘ ምን ይዤ እቀመጣለሁ?»

ትምህርት ቤት መምህርቷን ያስተማራት ነገር ለዚህ አይሆንም። «ጋሼ፣ ቅያሜም ቢሆን የሷ ነው» አለች። «አሁን የሚሰሙት የጄኔሬተር ነው።»

ጋሽ መቀስ ተነሥተው መሳቢያ ከፈቱ፣ ባዶ ሃርድ ዲስክ አወጡ። «በኮፒው ላይ ነው ያልሽው?» አሉ።

በሌላው ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት ሠሩት። መምህርቷ ሁለቱን መሣሪያዎች ከሠሪዎቹ ገጽ በራሷ ኮምፒውተር አውርዳ፣ ፈትሻ፣ ለሳምንት ያህል በማይረባ ክሊፕ ሞክራ ነው ያመጣቻቸው። የአርባ አንዱን ሰከንድ ኮፒ ከፈተች፤ ዋናው ካሴት ከነሳጥኑ ጋሽ መቀስ ጉልበት ላይ ተቀምጧል። ሻይ ተፈልቶ እስኪቀዘቅዝ ባለው ጊዜ አሸዋው ሄደ። ሴትየዋ ከጨለማው ወጣች፤ አጠር ያለች ናት፣ ጸጉሯን ወደ ኋላ አስራ፣ እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰብስባለች።

«ቀሚሷ ግራጫ አይደለም» አሉ ጋሽ መቀስ። «ሰማያዊ ነበር። ወንበር ላይ ያለ መብራት ከታች ስለሚመታ ነው እንዲህ የሚያደርገው፤ ቆይ።» የደበቁትን የቀለም አስተካከላቸውን ከፈቱ፤ ስክሪኑን አላዞሩትም። ሦስት ነገር ነካ ነካ ሲያደርጉ ቀሚሱ ሰማያዊ ሆነ። ከዚያ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ። «ቅንድቧ አልጠራም።»

«ቴፑ ላይ የለም ጋሼ። ያልነበረውን አይጨምርም አላልኩዎትም?»

«ይሻላል» አሉ፤ ትከሻቸው ወረደ። «ቅንድቧን እኔ አውቀዋለሁ።»

ለድምፁ ግን አንድ ነገር ጎደለ። መሣሪያው ጄኔሬተሩን ለይቶ እንዲያወጣ፣ ጄኔሬተሩ ለብቻው የሚጮህበት ቀረጻ ይፈልጋል፤ ክሊፑ ላይ ከዳር እስከ ዳር ሰው ይንጫጫል። መምህርቷ ተስፋ ልትቆርጥ ነበር። ጋሽ መቀስ ግን ከጉልበታቸው ላይ ካሴቱን አነሡ። «ሙሽራዋ ከመውጣቷ በፊት ባዶውን በር ስድስት ሰከንድ ቀርጬዋለሁ። ሁሌም እቀርጻለሁ፤ ለመጋጠሚያ ይጠቅማል። ማንም አልነበረም፣ ጄኔሬተሩ ብቻ ነው።»

«ይህን መሣሪያው በራሱ አያገኘውም» አለች መምህርቷ። «የርስዎ ልምድ ነው ያገኘው። ተማሪዎቼ ባዶ በር መቅረጽ ጊዜ ማጥፋት ይመስላቸዋል፤ ሰኞ እነግራቸዋለሁ።»

ሁሉ ከተዘጋጀ በኋላ እጇን ከኪቦርዱ አነሣች። «ልውጣ? ብቻዎን ቢሰሙት ይሻል ይሆናል።»

«ቁጭ በይ። የናትሽም ሰርግ ነው።»

ተጫነችው። ጄኔሬተሩ ከሩቅ እንደሚሄድ መኪና እየቀነሰ ሄዶ ጠፋ። የሰው ጫጫታ መጣ፣ የጫማ ድምፅ መጣ፣ የመምህርቷ እናት «ኧረ ቀስ» ስትል ተሰማ። መብራት ያዧ ቬሉን አላቀቀች፣ በመዳፏ ጠረገችው፣ ዞረች። ጥርሷ ታየ። ስቃ ነበር።

«ምን ታፈጣለህ?» አለች። «ቴፑን አትጨርስ፣ ለሙሽራዋ ይሁን። እኔን ቤት ታየኛለህ።»

ከዚያ እጇን ወደ ወንበሩ ሰደደች፤ ብርሃኑ ተነሣና እሷ ጠፋች።

ጋሽ መቀስ ሦስት ጊዜ አስደገሟት። በአራተኛው እጃቸውን አንሥተው አስቆሟት። «አልተቀየመችኝም» አሉ። ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ አልጠረጉትም። «ቤት ታየኛለህ አለች። ቤትማ መች አየኋት። ቤት ስገባ የማየው ካሴት ነበር። እሷ ከኋላዬ ሆና ስም ትጽፍባቸዋለች፤ እኔ ዞሬ አላይም።» ወደ መደርደሪያዎቹ ዞሩ፤ ክብ ክብ ያለውን ጽሑፍ ከላይ እስከ ታች አዩት። «ናፈቀችኝ» አሉ፤ እንደ ሕፃን ልጅ፣ በአንድ ቃል።

መምህርቷ ሻዩን አሙቃ አመጣችላቸው።

በስተኋላ ረጋ ብለው ተነጋገሩ። «አሸንፈሽኛል» አሉ ጋሽ መቀስ። «አሥራ አራት ዓመት በአንድ ጠዋት አለቀ፤ ዓይኔም ተረፈ። ከሁሉ በላይ፣ ለብቻዬ የምችል መስሎኝ በዘጋሁት በር ሰው ገባልኝ። ያ የማላውቀው ሰው ለልጁ የሠራው ነገር ሚስቴን ሰጠኝ። አመሰግናለሁ ብለሽ ጻፊለት።»

«እርስዎ ይንገሩኝ፣ እኔ እተረጉማለሁ።»

«መሣሪያህ ደርሶኛል፣ አልተበላሸም በዪው። ልጅህ ቲያትር ስትሠራ ስክሪኑን ብቻ አትይ፤ እሷንም እያት በዪው። ደግሞ መብራት ከታች ሲመታ ቀለሙ እንዴት እንደሚስተካከል ከዚህ ጋር ላክሁልህ፤ ማንም ቢወስደው ፈቅጃለሁ በዪ።»

እንዲህ ሆኖ የሠላሳ ዓመት ምስጢር በነፃ ተለቀቀ። ነፃ ስጦታን እየፈራ የኖረ ሰው በመጨረሻ ሰጪ ሆነ። ልብ ላለው ትምህርቱ ይህ ነው። ያላዩትን ሁሉ መናቅ ጥንቃቄ አይባልም፤ ከማን እንደመጣ ጠይቆ፣ ፈትሾ፣ በኮፒ ላይ ሞክሮ መቀበል ነው ጥንቃቄ። ወጣቱም ቢሆን መሣሪያ አለኝ ብሎ ባዶ በር መቅረጽን አይናቅ።

በሚቀጥለው ሳምንት ጋሽ መቀስ ማሠልጠኛ ተቋሙ ተጋበዙ። ከምስማሩ ላይ ትልቁን መብራት አወረዱ፤ ገመዱን ሲፈቱት ለአፍታ እጃቸው ቆመ፣ ከዚያ ፈቱት። ክፍል ውስጥ ተማሪዎቹ ሲቀራረጹ አንዲት ልጅ መብራቱን ይዛ ጥግ ላይ ቆማለች። ጋሽ መቀስ ሄደው ከእጇ ተቀበሏት።

«አንቺ ግቢ» አሏት። «መብራት የሚይዝ ሰው ሳይቀረጽ ወደ ቤት አይሄድም። ይህን ደንብ አድርጉት።»

ልጅቷ እያፈረች ገባች። ካሜራ የያዘው ተማሪ መቅረጽ ጀመረ። መብራቱ ሽማግሌው ካሰቡት በላይ ይከብዳል፤ ደቂቃ ሳይሞላ ክንዳቸው ይቆረጥማቸው ጀመር። ሚስታቸው ሃያ ሁለት ዓመት ይህን ተሸክማ ነበር።

«ጋሼ» አለ ተማሪው ዓይኑን ከካሜራው ሳያነሣ፣ በትህትና፤ «ይቅርታ፣ እጅዎ ወረደ።»

ጋሽ መቀስ ብቻቸውን ሳቁ። «እውነትህን ነው» አሉና መብራቱን ቀና አደረጉት።